ስለ ፓርላማ ጎጃም ውስጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡና ተፈልቶ ዜና ሲከፈት አንድ ክርክር አይጠፋም። «ሕጉ ወጣ» ይላል አንዱ። «ኧረ ገና ነው» ይላል ሌላው። ክርክሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ያሳስበኛል። ሰው መናገር በሚችልበት ጊዜ ዝም ብሎ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሲያማርር ደጋግሜ አያለሁ።

«የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከወሰነ ሕግ ሆኗል»

አልሆነም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመሩት አስፈጻሚ አካል ነው። ረቂቅ አዋጅ ላይ ተወያይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይልካል እንጂ አዋጅ አያወጣም። አዋጅ የሚያጸድቀው በየ5 ዓመቱ የምንመርጠው ምክር ቤት ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ለየት ይላል። እሱን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊደነግግ ይችላል። ሆኖም ተወካዮቹ በሥራ ላይ ከሆኑ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ እረፍት ላይ ከሆኑ ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብላቸው ይገባል። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ይሻራል።

«ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ ማለት በቃ አለፈ ማለት ነው»

ከሁሉም የሚጎዳን ይህ ስህተት ነው። ዜናው «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ መራ» ሲል ብዙው ሰው ጸደቀ ብሎ ይረዳዋል። እውነተኛው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ቋሚ ኮሚቴ ማለት በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በግብርና ወይም በበጀት፣ ላይ የሚሠሩ ጥቂት አባላት ስብስብ ነው። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ያዩታል። ባለሙያ ይጠይቃሉ። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ ያዘጋጃሉ። አንቀጽ እንዲሻሻል ወይም እንዲወጣ ሐሳብ ማቅረብም ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዘው ወደ ሙሉ ጉባኤው የሚመለሱት።

ስለዚህ «ተመራ» የሚለውን ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ። የገበሬ ማኅበርም፣ የመምህራን ማኅበርም፣ ነጋዴም ሐሳቡን ጽፎ መላክ ያለበት ያኔ ነው። የመረጣችሁትን ተወካይ መወትወትም ያኔ ነው። አልፎ አልፎ ረቂቅ በቀረበበት ቀን የሚጸድቅበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። እኔ በበኩሌ ይህ እንዳይለመድ አጥብቄ እመኛለሁ።

«የፌዴሬሽን ምክር ቤት የተወካዮችን ሕግ መልሶ ያጸድቃል»

አያጸድቅም። ይህ አስተሳሰብ ከንጉሡ ዘመን የቀረ ይመስለኛል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋሙት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ሁለቱም በሕግ ማውጣት ይሳተፉ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተራ ሕግ አያወጣም። ዋና ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመርም ይወስናል።

«ፕሬዚዳንቱ ካልፈረሙ አዋጁ ይቀራል»

በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ አዋጁ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል።

ሌሎችን በአጭሩ ላንሳ። አፈ ጉባኤ የተወካዮች አለቃ አይደለም። ስብሰባ ይመራል፣ ሥርዓት ያስከብራል፣ ድምፅ ያሰጣል። ምልአተ ጉባኤ ተሟላ ማለት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ተገኝተዋል ማለት እንጂ ተስማምተዋል ማለት አይደለም። ድምፀ ተአቅቦም ተቃውሞ አይደለም። አባሉ አልደገፈም፣ አልተቃወመም።

«አዋጅም፣ ደንብም፣ መመሪያም ያው ነው»

አዋጅ ከተወካዮች ምክር ቤት ይወጣል። ደንብ አዋጁ በሰጠው ሥልጣን መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል። መመሪያ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከአዋጁ ሊቃረን አይችልም። መስኮት ላይ «መመሪያው አይፈቅድም» ከተባላችሁ፣ የትኛው መመሪያ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያቸውን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል።

«የገበሬውን ግብር አዲስ አበባ ያለው ፓርላማ ይወስናል»

ይህ ግምት ከሜዳ አልመጣም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የወጣው በአዲስ አበባው ፓርላማ በኩል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን አልተቀበለውም። ግብሩን ተከትሎ መሬታችን በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ይለካል፣ ርስታችን ይነጠቃል የሚል ስጋት ነበረው። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። ያ ገበሬ ረቂቁ ገና ሲመከርበት የሚደመጥበት መድረክ አልነበረውም። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ዛሬ ሥልጣኑ ተከፋፍሏል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከግል አርሶ አደር የእርሻ ገቢ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የገጠር መሬትን በተመለከተ ማዕቀፉን የፌዴራሉ ፓርላማ ያወጣል። መሬቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚያወጣቸው አዋጆች ዝክረ ሕግ በተባለው ጋዜጣ ይታተማሉ። ስለዚህ ግብሩ ከበደኝ የሚል የደጀን ወይም የቡሬ ገበሬ መጀመሪያ መያዝ ያለበት፣ ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት የመረጠውን ሰው ነው።