«ፕሮዲዩሰር ማለት ባለ ብሩ ነው» እና ሌሎች ስለ ዳሪል ዛነክ የሚወሩ ስህተቶች

የስክሪፕት አጻጻፍ ሳስተምር አንድ ጥያቄ መቼም አይቀርልኝም። «ፕሮዲዩሰር ማለት ብሩን የሚያወጣው ሰውዬ ነው አይደል?» አይደለም። መናገሩ ስለሰለቸኝ ዛሬ ጽፌው ልገላገል። ማስረጃዬ የሆሊውዱ ዳሪል ዛነክ ነው። ከ1935 እስከ 1956 የትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የፊልም ሥራ ኃላፊ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሱ የሚወራው ስህተት ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ትንንሾቹን ልጥረግ።

«የስቱዲዮው ባለቤት ነበር።» አልነበረም። አክሲዮን ነበረው እንጂ ተቀጣሪ ነው። ካዝናውን የሚጠብቁት አለቆች ኒው ዮርክ ነበሩ።

«አይሁዳዊ ነበር።» ብዙዎቹ የስቱዲዮ አለቆች ስለነበሩ እሱንም እዚያ ይደምሩታል። ዛነክ ግን በ1902 ዋሁ በምትባል የነብራስካ ከተማ የተወለደ ፕሮቴስታንት ነው። በ1947 የአይሁድን ጥላቻ ፊት ለፊት ያነሳውን «ጀንትልማንስ አግሪመንት» የተባለ ፊልም መሥራቱ ሰዎችን ሳያሳስት አልቀረም።

«በዘመድ ነው የገባው።» የትኛው ዘመድ? ዋርነር ብራዘርስ ቤት ስም ያወጣው ሪን ቲን ቲን ለሚባል ውሻ ታሪክ እየጻፈ ነው። ከመብዛቱ የተነሳ ስክሪፕቶቹን በተለያዩ የብዕር ስሞች ያወጣቸው ነበር። እዚያው የፊልም ሥራ ኃላፊ ሆነ። በ1933 በሠራተኛ ደሞዝ ቅነሳ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ወጣና ከጆሴፍ ሼንክ ጋር አዲስ ድርጅት አቋቋመ። ያ ድርጅት ነው ከሁለት ዓመት በኋላ ከፎክስ ጋር የተዋሃደው።

አሁን ወደ ዋናው። ዛነክ የሚያወጣው ገንዘብ የራሱ አልነበረም። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር? ስክሪፕት ያነብባል። ጸሐፊዎቹን ሰብስቦ፣ ያጠረች የፖሎ ዱላውን እያወዛወዘ፣ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት ይበትነዋል። ይሄ ገጸ ባሕርይ ለምን መጣ? ይሄ ትዕይንት ቢወጣ ምን ይጎድላል? የተባለው ሁሉ ተመዝግቦ፣ በታይፕ ተመትቶ ለጸሐፊዎቹ ይደርሳል። ማታ ደግሞ ማሳያ ክፍል ገብቶ የተቀረጸውን ያያል፤ ይቆርጣል።

የ1950ውን «ኦል አባውት ኢቭ» እንውሰድ። ጽፎ ያዘጋጀው ጆሴፍ ማንኪዊች ነው። የመጀመሪያው ርዕሱ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ርዕስ ከመክፈቻው ትረካ ውስጥ መርጦ ያወጣው ዛነክ ነው። ስክሪፕቱ ረዝሞ ሲመጣም እርሳስ ይዞ ያሳጠረው እሱ ነው። ፊልሙ 14 የኦስካር እጩነት አግኝቶ 6 አሸነፈ። ማንኪዊች ተራ ሰው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በጸሐፊነትም በዳይሬክተርነትም ኦስካር ወስዷል። ጎበዝ ጸሐፊም ቢሆን የሚቆርጥለት ያስፈልገዋል ማለቴ ነው።

ወይም የ1940ውን «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ተመልከቱ። ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ፊልሙ በእናትየዋ ንግግር እንዲያልቅ የወሰነው ዛነክ ነው። ፎርድ ማንንም የማያሞግስ ኃይለኛ ሰው ነበር፤ ስለ ዛነክ የኤዲቲንግ ችሎታ ግን በአድናቆት ተናግሯል።

አንዱ ተማሪዬ «ፕሮዲዩሰር አገኘሁ!» ብሎ እየፈነደቀ መጣ። ሰውዬው የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ስክሪፕቱን አንብቦታል ወይ አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እሱ ጊዜ የለውም። ሙሉ እምነቱን በእኔ ጥሏል» አለኝ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ወጣ። አርባው ደቂቃ ለምን እንደገባ ተማሪዬም አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው አልነበረማ! ነጋዴው ደግሞ ብሩ የት እንደገባ እስካሁን ይጠይቃል።

ስለዚህ ልምከራችሁ። ብር የሚሰጣችሁን ሰው አመስግኑት፣ ስሙንም በትልቁ ጻፉለት። የፕሮዲዩሰሩን ሥራ ግን ለሚያነብ ሰው ስጡት። ስክሪፕቱን ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ስጡት። «በጣም አሪፍ ነው» ብቻ ካላችሁ አላነበበውም፤ ሌላ ፈልጉ። ሦስተኛው ትዕይንት ይውጣ ካላችሁ ደግሞ ከማኩረፋችሁ በፊት አውጥታችሁ እዩት። በጀቱን ሳያውቅ ስክሪፕት የሚያርም ሰውም ፕሮዲዩሰር አይደለም፤ ዝናብ ውስጥ የሚቀረጸውን ንግግር ቤት ውስጥ አስገብቶ ወጪ የሚቀንስላችሁ ሁለቱንም የሚያውቀው ነው።

ወደ ዛነክ ልመለስ። «በ‹ክሊዮፓትራ› ስቱዲዮውን ያከሰረው እሱ ነው» ይባላል። ይሄኛው ያናድዳል። ዛነክ በ1956 ኃላፊነቱን ለቆ አውሮፓ ውስጥ በግሉ ይሠራ ነበር። በ2 ሚሊዮን ዶላር በጀት ታስቦ ከ30 ሚሊዮን በላይ የበላው ፊልም የተጀመረው በኩባንያው ፕሬዚዳንት በስፓይሮስ ስኩራስ ዘመን ነው። ዛነክ በ1962 አጋማሽ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመለስ እሳቱ ተቀጣጥሏል። ስቱዲዮውን ለጊዜው ዘጋ፣ ሠራተኛ ቀነሰ፣ ዳይሬክተሩን ማንኪዊችን ከኤዲቲንግ አባሮ መልሶ ጠራው። ኩባንያውን ከውድቀት ያዳነለት ደግሞ የራሱ «ዘ ሎንገስት ዴይ» ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተካሄደው የኖርማንዲ ወረራ ነው፤ ጀርመኖቹ በጀርመንኛ፣ ፈረንሳዮቹ በፈረንሳይኛ ይናገሩበታል። ሦስት ዳይሬክተሮች ስማቸው ተጽፏል፤ ዛነክም ስሙን ሳያስጽፍ አንዳንድ ትዕይንቶችን አዘጋጅቷል። ባለ ብር ብቻ ቢሆን እዚያ ምን ይሠራል?

«የነካው ሁሉ ያዋጣ ነበር» የምትሉም አላችሁ። በ1944 ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን የሠራው ፊልም 5 ኦስካር ወስዶም ከሰረ። ቁጭቱ አልወጣለትም። ለ«ጀንትልማንስ አግሪመንት» ሲሸለም እንኳ ያን ፊልም አንስቷል።

ጻድቅ የምታደርጉትም ተዉ። ሥልጣኑን ተጠቅሞ ወጣት ተዋናዮችን ቢሮው ውስጥ ያስቸግር እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች መዝግበዋል። የሥራ ችሎታው ያንን አይሰርዘውም።

የመጨረሻው፦ «ስቱዲዮውን ለልጁ አወረሰ።» ልጁን ሪቻርድን በ1962 የፊልም ሥራ ኃላፊ ያደረገው እውነት ነው። በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ኩባንያውን በገንዘብ አጥለቀለቀው። ከዚያ ውድ ውድ ሙዚቃዊ ፊልሞች ተራ በተራ ከሰሩ። በ1970 መጨረሻ አባትየው ልጁን አባረረው። ከጥቂት ወራት በኋላ በ1971 እሱም ከሥልጣን ወረደ። ሪቻርድ ከዴቪድ ብራውን ጋር በ1975 «ጆውስ»ን ፕሮዲዩስ አደረገ፤ በ1990 ደግሞ በ«ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ» የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ሁለቱም የፎክስ ፊልሞች አይደሉም።