አንማውንት ምንድን ነው? ኤንኤፍኤስን በሥርዓት ስለ መዝጋት

ዲስኩ ምን ያህል ቦታ እንደቀረው ለማየት ተርሚናል ላይ «ዲኤፍ» ብለው ኢንተር ይጫናሉ። ምንም አይመጣም። ኩርሰሩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ማሽኔ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ፋይል የሚያጋራው ሰርቨር ጠፍቷል፣ የእርስዎ ማሽን ግን ገና አልለቀቀውም።

አንማውንት ማለት ይህ መልቀቅ ነው። ኤንኤፍኤስ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው፣ ፋይልን በኔትወርክ የመጋሪያ መንገድ ነው። ሰርቨሩ አንድ ፎልደር ያጋራል፤ ክላይንቱ፣ ማለትም ፎልደሩን የሚጠቀመው ማሽን፣ ከራሱ ፎልደሮች ጋር ያያይዘዋል። ማያያዙ ማውንት፣ መፍታቱ አንማውንት ይባላል። አንዴ ከተያያዘ ፕሮግራሞች ፋይሉ ሌላ ማሽን ላይ መሆኑን አያውቁም። ውበቱም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

ሊኑክስ ላይ ሌላ ካልተባለ ማውንቱ «ሀርድ» ነው። ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ እስኪመለስ ድረስ ክላይንቱ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሎጉን፣ ማለትም ማሽኑ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፍተው ቢያዩ ሰርቨሩ መልስ እንዳልሰጠና ክላይንቱ አሁንም እየሞከረ እንደሆነ ጽፎ ያገኙታል። «ሶፍት» የሚባለው ደግሞ ጥቂት ሞክሮ ስህተት ብሎ ይተዋል። ደስ ይላል፤ ግን እየተጻፈ ያለ ፋይል ግማሹ ሊቀር ይችላል። ሰው የሚጽፍበት ፎልደር ላይ እኔ ሶፍት አልጠቀምም። ፋይል ከሚበላሽ መጠበቅ ይሻላል።

ስለዚህ ሲዘጋ ክላይንቱ ይቀድማል፣ ሰርቨሩ ይከተላል። ክላይንቱ ላይ «ዩማውንት» የሚለውን የመፍቻ ትእዛዝ ሲሰጡ «ቢዚ ነው» ካለዎት አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም ፎልደሩን ይዞታል። ማን እንደያዘው «ፊውዘር» የሚባለው ትእዛዝ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ፎልደር ውስጥ ገብቶ የተረሳ ተርሚናል ነው፤ ብዙ ጊዜ የራሴው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ መውጣት ብቻ ይበቃል። «ሌዚ» የሚባለውን አንማውንት ግን ቶሎ አይምረጡ። ፎልደሩ ከዓይን ይጠፋል እንጂ የያዘው ፕሮግራም እንደያዘው ይቆያል።

ክላይንቶቹ ሁሉ ከለቀቁ በኋላ የሰርቨሩን የኤንኤፍኤስ አገልግሎት በ«ሲስተምሲቲኤል» ትእዛዝ ያቁሙ። ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰርቨሩ መጀመሪያ፣ ማውንቱ በኋላ። የሚጋሩትን ፎልደሮች ዝርዝር ብቻ ከቀየሩ ግን ምንም ማቆም አያስፈልግም። «ኤክስፖርትኤፍኤስ» የሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን እንደገና ያነበዋል፣ የሚሠራው ሰውም አይቋረጥም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ የለም። ማሽኖቹ ሁሉ እኩል ይነሳሉ፣ ክላይንቱም ሰርቨሩን ሊቀድም ይችላል። ለዚህ አውቶማውንት ጥሩ ነው፤ ፎልደሩን የሚያያይዘው ሰው ሲከፍተው ነው። ሰርቨሩ ከተነሳም በኋላ ግሬስ ፒሪየድ የሚባል ጊዜ አለ፣ እንደተለመደው እስከ 90 ሰከንድ። በዚህ ጊዜ የቀድሞ ክላይንቶች ፋይሉን ሌላ እንዳይነካባቸው የያዙበትን ቁልፍ (ሎክ) መልሰው ይይዛሉ። በአራተኛው የኤንኤፍኤስ ቨርዥን አዲስ ፋይል ልክፈት የሚል ጥያቄም ቆይ ይባላል። ስለዚህ «ተነስቷል፣ ግን አይሠራም» ከተባሉ ሰዓትዎን ይዩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩልና ሰርቨሩን እንደገና ሪስታርት ያደርገዋል። ያኔ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።