ገለባና አገዳ፦ የሐሩር ክልል ከብቶች የደረቅ ወቅት ቀለብ

በሐሩር ክልል ዝናቡ ሲያቆም ሣሩ ይደርቃል። እህሉም የሚታጨደው ያኔ ነው። ፍሬው ጎተራ ሲገባ ገለባው፣ ጭዱና አገዳው ለከብት ይቀራል። በእስያም ሆነ በአፍሪካ አነስተኛ ገበሬዎች በደረቁ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሻግሩት በአብዛኛው በሩዝ፣ በስንዴ፣ በማሽላና በበቆሎ ተረፈ ምርት ነው። መጠኑም ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ቢያንስ አንድ ኪሎ ገለባ ይገኛል። ቁመተ ረጅም ማሽላ ላይ ደግሞ አገዳው ከፍሬው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ጥራቱ ላይ ነው። ሰብሉ ሲደርስ ፕሮቲኑና ስኳሩ ወደ ፍሬው ይሄዳል። የሚቀረው አካል እየጠነከረ እንጨት እንጨት ይላል፤ ይህን የሚያደርገው ሊግኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የገለባ ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ከተበላው ውስጥ የሚፈጨው ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ነው። ፎስፈረስና ጨውም ያንሰዋል።

ከብት ገለባን በራሱ አቅም አይፈጭም። ሥራውን የሚሠሩት በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ይህንንም በአብዛኛው የሚያገኙት ከመኖው ፕሮቲን ነው። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይዳከማሉ። ያን ጊዜ ገለባው ሳይፈጭ ጨጓራ ውስጥ ይከርማል፤ ቦታ ስለማይለቅ ከብቱ ሌላ መጨመር አይችልም። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን አምስት ስድስት ኪሎ ገለባ ይበላ ይሆናል። ሆዱ ተወጥሮ ይታያል፤ ጎድን አጥንቱ ግን ይቆጠራል። ብዙ ሰው የገለባው ክምር ትልቅ ከሆነ ከብቱ አይራብም ብሎ ያስባል። የሚራቡት ግን መጀመሪያ ተሕዋስያኑ ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ለእነሱ ነው። ብዙም አያስፈልግም። ጥቂት ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የቅባት እህል)፣ የለውዝ ሐረግ፣ ወይም እንደ ሉኪኒያና ግሊሪሲዲያ ያሉ ዛፎች ለምለም ቅጠል በቂ ለውጥ ያመጣል። ከብቱ የጨመሩለትን ብቻ ሳይሆን ገለባውንም አብልጦ መብላት ይጀምራል። በህንድ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚቀር ወፍራም ፈሳሽ) እና ናይትሮጅን የሚሰጠው ማዳበሪያ ዩሪያ ከማዕድናት ጋር ተጋግሮ እንደ ጡብ የሚላስ መኖ በሰፊው ተሞክሯል። ጡቡ ጠንካራ ስለሆነ ዩሪያው በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገባው። ይህ ወሳኝ ነው፤ ዩሪያ በአንዴ በብዛት ከተበላ ከብት ይገድላል። ጨጓራቸው ገና ላልዳበረ ጥጆችም አይሰጥም።

ሌላው መንገድ ገለባውን ራሱን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ገለባው ይነጠፋል፣ ውሃው ይረጭበታል፣ ይረገጣል፤ እንደገና ይነጠፋል። ከዚያ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ የገለባውን ጥብቅ ቃጫ ያላላዋል። ሲከፈት ቀለሙ ጠቆር ብሎ ይገኛል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስለዚህ ከመስጠት በፊት ማናፈስ ግድ ነው። ከብቱ በደንብ ይበላዋል፤ ፕሮቲኑም በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በቻይና ዘዴው በሰፊው ተስፋፍቷል። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ገበሬዎች ሞክረው ትተውታል። አይፈረድባቸውም። በደረቅ ወቅት ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ማምጣት፣ ፕላስቲክ መግዛት፣ ለማሳ የታሰበውን ዩሪያ ለገለባ ማዋል ቀላል አይደለም። እኔ ብጠየቅ ለምለም ቅጠሉን አስቀድማለሁ።

ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገርም አለ፤ ከብቱን ማስመረጥ። የበቆሎና የማሽላ ቅጠል ከአገዳው ይሻላል። ሩዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅጠሉ ሲሊካ የሚባል አሸዋ መሳይ ማዕድን ስለሚበዛበት አገዳው የተሻለ ይፈጫል። የማሽላ አገዳ በርከት አድርገው ሲሰጧቸው በተለይ በግና ፍየል ቅጠል ቅጠሉን ለቅመው ይበላሉ፤ የተረፈው ለጉዝጓዝ ወይም ለኮምፖስት ይሆናል። ቆራርጦ መስጠት ብክነት ይቀንሳል፤ ግን ምርጫውን ያሳጣቸዋል። መቆረጡ ብቻውን ገለባውን የተሻለ እንዲፈጭ አያደርገውም።

ዘር አሻሻዮች ለረጅም ጊዜ ያዩት ፍሬውን ብቻ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተሰራጩት አጫጭር የስንዴና የሩዝ ዝርያዎች ፍሬ ጨመሩ፤ ከፍሬው አንጻር ገለባቸው ግን አነሰ። ከብት ላለው ገበሬ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በህንድ ሃይደራባድ ከተማ የማሽላ አገዳ ገበያ ነጋዴዎች የተሻለ ለሚፈጨው አገዳ የተሻለ ዋጋ ይከፍላሉ። አሁን ፍሬው ሲደርስም ቅጠላቸው ለምለም ሆኖ የሚቆይ የማሽላ ዝርያዎች ላይ እየተሠራ ነው።

አፈሩም ገለባውን ይፈልጋል። አፈር ጠባቂ የእርሻ ዘዴ ቢያንስ 30 በመቶው መሬት በተረፈ ምርት ተሸፍኖ እንዲቆይ ይመክራል። በምዕራብ አፍሪካ ሳህል አካባቢ ይህን ሽሚያ የሚያስታርቅ ስምምነት ኖሯል፦ ከአጨዳ በኋላ አርብቶ አደሩ መንጋውን ማሳ ላይ ያሰማራል፣ ገበሬው ፍግ ያገኛል። አሁን ግን ብዙ ገበሬዎች አገዳውን አጭደው ለራሳቸው ከብት ያከማቻሉ ወይም ይሸጣሉ፤ ለመንጋው የሚቀረውም እያነሰ ነው።