ከእራት ተነሣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ትሕትና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የልብ ነገር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ግን በወንጌሉ ምዕራፍ 13 የጌታን ትሕትና ሲጽፍ የእጁን ሥራ ነው አንድ በአንድ የቆጠረልን። «ከእራት ተነሣ ልብሱንም አኖረ፥ ማበሻ ጨርቅም ወስዶ ታጠቀ» ይላል። ከዚያ ውኃ ጨመረ፣ አጠበ፣ በታጠቀው ጨርቅ አበሰ። ውኃ የሚቀዳለትና ጨርቅ የሚይዝለት ሰው አልተጻፈም።

ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ በዚያው ማዕድ ደቀ መዛሙርቱ ማን ይበልጣል እያሉ ይከራከሩ እንደነበር ይነግረናል (ሉቃ. 22፥24)። ሁሉም ስለ ብልጫ ይነጋገራል፤ ለመታጠቢያው ግን የተነሣ የለም። የተነሣው ጌታ ነው። እግራቸው ከታጠበው መካከል ይሁዳም ነበረ፤ ከማዕዱ የወጣው ከታጠበ በኋላ ነው (ዮሐ. 13፥30)። የምናገለግለውን ሰው እየመረጥን ላለን ለእኛ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

አገልግሎት ዘወትር የሚሰናከለው ገና «ተነሣ» የሚለው ላይ ነው። ጊዜ ስናገኝ፣ ሲመቸን፣ ከበላን በኋላ እንላለን። ጌታ ግን የተነሣው ከእራት ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ጸሎት በደረሰበት ውኃ፣ በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በወሎ ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ቦታ አለው። የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ነው፤ ቀኑ ሲቃረብ ወደ አምባሰል በእግሩ የሚጓዘው ምእመን ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይቆማል። እንዲህ ያለውን እንግዳ የሚያጥብ ሰው ጥቂት ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን እንግዳው ሳይሆን አጣቢው በክንዱ ይፈትነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ እየተቃጠለም ላይሰማው ይችላልና። ጨው መጨመር የተለመደ ነው፤ ተረከዙ የተላጠ ወይም ቁስል ያለበት ከሆነ ግን ይቅር፤ ያቃጥለዋል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ቆዳው ራሱ ቁስሉን ይሸፍናል። አጣቢው በርጩማ ላይ ሳይሆን በጉልበቱ ቢሆን እጁ ከተረከዙ በታች ይገባል፤ ከላይ ሆኖ የሚያጥብ ሰው የውስጥ እግሩን ሳያየው ይቀራል። ደግሞ ማበሱን አትዘንጉ። በጣቶች መካከል እርጥበት ከቀረ ቆዳው ይረግብና በማግሥቱ መንገድ ላይ ይላጣል። ወንጌላዊው ማበሻ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ማንሣቱ በከንቱ አይመስለንም።

መታጠብም የራሱ ትሕትና አለው። ቅዱስ ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ያለው ለጌታ ካለው አክብሮት ነበር፤ መልሱ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» የሚል ሆነ። ሲሰጥ ደስ የሚለው፣ ሲሰጡት ግን የሚጨንቀው ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁልጊዜ ውለታ ለመዋል እንጂ ውለታ ለመቀበል አይፈቅድም፤ ይህ የተሸፈነ ትዕቢት ነው።

ሌላም የምንስትበት ቦታ አለ። «እኔ ምናምንቴ ነኝ» ማለት ትሕትና ይመስለናል። ያንኑ ቃል ጎረቤት ሲለን የምንቆጣ ከሆነ ቃሉ ከልብ አልነበረም። ጌታ እግር ካጠበ በኋላ «እናንተ መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፤ እንዲሁ ነኝና መልካም ትላላችሁ» ብሏል። ማንነቱን አልካደም። ድምፅ የተሰጠው «አልችልም» እያለ ከመዝሙር ቢሸሽ፣ ሒሳብ የሚያውቀውም የሰንበቴውን መዝገብ አልይዝም ቢል ትሑት አያሰኘውም፤ ሥራው ግን ሳይሠራ ይቀራል።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የምናነሣው ለዚህ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ሐይቅ የታወቀ የትምህርት ገዳም ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በገዳሞቻችን ሥርዓት ግን ከምንኩስና ቆብ በፊት አመክሮ የሚባል የፈተና ጊዜ አለ፦ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መፍጨት፣ አረጋውያንን መርዳት። የተማረውም ያልተማረውም በዚያው ያልፋል።

የእኛ አመክሮ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር መረዳጃ ማኅበራችን ነው። በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ በብዙ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቆማል። ዳኝነትና ጸሐፊነት ፈላጊ አያጣም። መቃብር ለመቆፈር፣ ድንኳን ለመትከልና ድስት ለማጠብ ግን ሁልጊዜ የሚታዩት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ትሕትናን መለማመድ የሚፈልግ ወጣት ሳይጠሩት ድስቱ ጋ ይሂድ። ጥላሸት የያዘውን ድስት በአመድና በአሸዋ ፈትጎ፣ አለቅልቆ፣ ደፍቶ ይመለስ፤ ማን እንዳጠበው የሚጠይቅ አይኖርም። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለው ቃል እዚያ ይፈጸማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በራሱ ቤት እናቱ የሠራችውን በልቶ ሰሃኑን እዚያው ትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከዚያ ይጀምር።

እስከ ሣልስት የሐዘን ቤቱን ሰው ይሞላዋል። ከ12ኛው ቀን ወዲያ ግን እግር ይቀንሳል፤ እስከ 40 ባለው ጊዜ ውስጥ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ትውላለች፣ ውኃ የሚቀዳላትም አይኖርም። የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። አንድ ጀሪካን ውኃ ይዞ መሄድ፣ እንስራው ላይ መገልበጥ፣ የተፈለጠ እንጨት ካለ ጓዳ ማስገባት፣ ከሌለ መፍለጥ። ስለ ሞቱ ሰበብ አለመጠየቅ፤ ራሷ ካነሣችው ማድመጥ። «ቆይ፣ ቡና ላፍላ» ስትል ግን እንቢ እንዳትሏት። ቅዱስ ጴጥሮስን አስታውሱና ተቀመጡ፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጡላት።