ቆሻሻን ከምንጩ መለየት ምንድን ነው? ባዛርና ኤክስፖ ላይ ስታንድ ለምትይዙ

ኤግዚቢሽን ማዕከልም በሉት ሚሊኒየም አዳራሽ፣ የእንቁጣጣሽም ይሁን የገና ባዛር ላይ ስታንድ ይዛችሁ የምታውቁ ሰዎች የመጨረሻዋን ማታ ታውቋታላችሁ። ሙዚቃው ይጠፋል፣ ሚስማር መንቀል ይጀመራል፣ እቃ ሊጭን የመጣው መኪና ውጪ ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ ሁሉም ቶሎ ወጥቶ መተኛት ነው የሚፈልገው፣ እና በዛች ሁለት ሰዓት ውስጥ ካርቶኑም ባነሩም ቄጠማውም ግማሽ የተጠጣው ሃይላንድም አንድ ላይ ተጠራርጎ መተላለፊያው ላይ ይከመራል።

ከምንጩ መለየት የሚባለው ያ ክምር ከመጀመሪያውም እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ማለትም አንድ ነገር ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል፣ ገና እጃችሁ ላይ እያለ፣ ወዴት እንደሚሄድ ወስናችሁ ለየብቻው ታስቀምጣላችሁ። ምንጭ የተባለው ቆሻሻው የሚወጣበት ቦታ ነው፣ ቤት ከሆነ ኩሽናው፣ ባዛር ከሆነ የናንተ ስታንድ። ብዙ ሰው ሲሰማው ባለ ሶስት ቀለም ባልዲ ነው የሚመጣለት፣ ባልዲው ግን የነገሩ ጭራ ነው፣ ስታንድ ለያዘ ሰው ዋናው ስራ ያለው ማተሚያ ቤት ሄዶ ባነርና ብሮሸር ሲያዝ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን እኔን ያነቃኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ የእንቁጣጣሽ ባዛር ማለቂያ ላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፣ የኛን ስታንድ ቆሻሻ በትልቅ ጥቁር ፌስታል ሞልተን አውጥተን ነበር። ተመልሼ ስመጣ አንዲት የፅዳት ሰራተኛ ፌስታሉን ከፍተው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ ክዳኑን ይፈታሉ፣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ይደፋሉ፣ ጠርሙሱን ረግጠው ማዳበሪያ ውስጥ ይከታሉ። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ በቡና አተላ ጠቁሯል፣ እና እዛው ፌስታል ውስጥ እኛ የጣልነው የተሰበረ ሲኒ ጣታቸውን ቆርጧቸው በሶፍት ጠምጥመውታል። "እናቴ ይቅርታ፣ እኛ ነን እንዲህ ያደረግነው" ስላቸው ቀና ብለው "ምን አይደል ልጄ፣ ውሃውን ብቻ እንኳ ብትደፉልኝ" አሉኝ። አላማረሩም፣ ያቺን ብቻ ነው የጠየቁት።

እስቲ አስቡት፣ ባለ ግማሽ ሊትር ባዶ ጠርሙስ ሃያ ግራም ቢሆን ነው። ግማሹን ጠጥታችሁ ስትጥሉት ሩብ ሊትር ውሃ፣ ማለትም 250 ግራም አብራችሁ ጣላችሁ። መቶ ጠርሙስ ቢሆን ሁለት ኪሎ ፕላስቲክ ለመሸከም ሃያ አምስት ኪሎ ውሃ ተሸክሞ መሄድ ነው፣ ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ለፕላስቲኩ ነው።

አሁን ለምን መቀላቀሉ ራሱ ችግር እንደሆነ። ወረቀትና ካርቶን ዋጋ ያለው ደረቅ ሲሆን ነው፣ ዘይት ወይ ቡና ከጠጣ በኋላ ብታደርቁትም ያው ነው፣ ለፋብሪካ አይሆንም። የበለጠ የሚገርመኝ ግን የፕላስቲኩ ነገር ነው። ሃይላንዱ የሚሰራበት ፕላስቲክ ፔት ይባላል፣ ክዳኑ ከሌላ ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካ ላይ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ በቃ ተለየ። የማስታወቂያ ባነር ግን አብዛኛው ፒቪሲ ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው የሚሰራው፣ ፒቪሲ ደግሞ ክብደቱ ከፔት ጋር ስለሚቀራረብ አብሮት ነው የሚሰምጠው፣ ውሃው አይለየውም። ከዛ ፔቱ ሊቀልጥ 260 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፒቪሲው ቀድሞ ተቃጥሎ አሲድ ያወጣና ጥሩውን ፕላስቲክ ያበላሸዋል፣ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ከባነር የተቀደደች ትንሽ ቁራጭ ሃይላንድ ማዳበሪያ ውስጥ ስትገባ የማንንም ሰው ልፋት ልታበላሽ ትችላለች። እናንተ ግን ባነሩ እጃችሁ ላይ እያለ ለመለየት አንድ ሰከንድ ይበቃችኋል።

ያልተለየው የት ይሄዳል ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቆሼ ነው። ከሃምሳ አመት በላይ የከተማው ቆሻሻ እዛ ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ስሩ ቤት ሰርተው የሚኖሩ፣ ከክምሩም ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ እዛው ቆሼ ያለበት ረጲ ላይ ቆሻሻን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ፣ ግን እርጥብ ነገር የበዛበት ቆሻሻ ለማቃጠልም አይመችም፣ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ነው የሚደክመው። ህጉም አዲስ አይደለም፣ በ1999 ዓ.ም. ከወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ጀምሮ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ከሚጣለው እንዲለይ ያዛል፣ ያኔ የተፃፈው ስለ ቤተሰብ ነው፣ ስታንድ ግን ለአስራ ምናምን ቀን ቤታችን አይደል እንዴ።

እሺ ወደ ማተሚያ ቤቱ። ብሮሸር ሲታዘዝ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ስለሚቀንስ ሁላችንም ትርፍ እናሳትማለን፣ የተረፈው ደግሞ ዋጋና ቀን ስለተፃፈበት ለሚቀጥለው አይሆንም። እኔ አሁን ብሮሸር የማሳትመው ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው፣ ለሌላው ጠረጴዛው ላይ ወደ ቴሌግራም ቻናላችን የሚወስድ ኪውአር ኮድ ተለጥፏል፣ ያለ ማጋነን ኮዱን በስልኩ የሚያነሳው ሰው ቁጥር አልቀነሰም። ባነር ላይ አመተ ምህረትና የበዓል ስም አታስፅፉ፣ "እንኳን አደረሳችሁ"ን በትንሽ ወረቀት ጎን ላይ ለጥፉት፣ ባነሩ ሶስት አራት ባዛር ይሰራል፣ ሲያረጅ ደግሞ እንደ ሸራ ዝናብ ይከላከላል፣ የሚፈልገው ሰው ሞልቷል። ስታንዱን በችፑድ የምታሰሩ ከሆነ አናጢውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን እንዲያስረው ንገሩት፣ በሚስማር የተመታ ችፑድ ሲነቀል ጥርሱ ይረግፋል፣ በብሎን የታሰረው ተፈቶ ተጭኖ ይሄዳል። ውሃ በእሽግ ከማስገባት ጃር አስገቡና ለሰራተኛው ሁሉ በስሙ አንድ አንድ ኩባያ ስጡት፣ ይሄ ብቻ የኛን ሃይላንድ ከግማሽ በታች አውርዶታል።

ቡና የምታፈሉ ከሆነ በሲኒ ይሁን፣ የወረቀት ኩባያ ወረቀት ቢመስልም ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ከወረቀቱ ጋር አይሄድም። ቄጠማው፣ አተላው፣ ፈንዲሻው አንድ ላይ ለኮምፖስት ይሆናል፣ ግን ቄጠማው ውስጥ የከረሜላ ልጣጭና ስቴፕል ከገባ ማንም አይወስደውም፣ ስለዚህ ቀን ቀን ሳይረገጥ ልቀሙት። አንድ በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ የከሰሉን አመድ ረመጡ ሳይጠፋ ገንዳ ውስጥ እንዳትደፉት! በቆርቆሮ አድርጋችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ ካርቶን የሞላ ገንዳ ለመያያዝ ብዙ አይፈልግም።

መለየቱ ራሱ ቀላል ነው፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ማዳበሪያ ታንጠለጥላላችሁ፣ አንዱ ለደረቅ ወረቀትና ለተዘረጋ ካርቶን (ፕላስተሩን ላጡት)፣ አንዱ ውሃው ለተደፋና ለተጨፈለቀ ሃይላንድ፣ ለእርጥቡ ክዳን ያለው ባልዲ፣ እና አንድ ትንሽ ለቀረው። በማርከር ትልቅ አድርጋችሁ ፃፉበት። ሰባራ ነገር በካርቶን ተጠቅልሎ ላዩ ላይ "ስባሪ" ተብሎ ይፃፍበት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ኃላፊነት ይሰጠው፣ "ሁላችንም እናያለን" የተባለ ነገር ማንም አያየውም። ስታንዱን ስትከራዩም አዘጋጁን ካርቶንና ሃይላንድ የሚረከብ ማህበር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ ሰፈራችሁ ከሚመጣው ቆራሌው ጋር ቀድማችሁ ሰዓት ተነጋገሩ፣ በር ላይ መግቢያ እንዳይከለከል ደግሞ ለጥበቃዎቹ ንገሩ። እኛ የመጀመሪያው ጊዜ ይሄን ረስተን ሰውዬው ውጪ ሁለት ሰዓት ቆሞ ተመልሷል፣ የለየነውም ሁሉ ገንዳ ገባ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለደንበኛ የምትሰጡት መያዣም የናንተው ቆሻሻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ባፀደቀው አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል፣ ስለዚህ የወረቀት ወይ የጨርቅ ከረጢት አስቀድማችሁ አሰሩ፣ ወይም "ይዘው የመጡት ካለ እዛው ላድርግልዎት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ቦርሳ ይዟል።

ባለፈው ገና ስንጨርስ ወረቀቱም ሃይላንዱም ስታንዱ ላይ እንዳለ ተወሰደ፣ እርጥቡን አንድ አትክልተኛ ወሰደው። እጄ ላይ የቀረው ስቲከር የተለጠፈባቸው የፎም ፊደሎች ናቸው፣ የድርጅቱን ስም የፃፍንባቸው። የሚወስዳቸው አላገኘሁም፣ ስቶር ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ለፋሲካው ባዛር እነሱኑ መልሰን እንሰቅላቸዋለን።