ጀልባን በቤት ውስጥ ከኮምፔርሳቶ መሥራት

ከኮምፔርሳቶ፣ ኤፖክሲ ከሚባል የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫና ከፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) ትንሽ ጀልባ ለመሥራት አናጺ መሆን አያስፈልግም። በድሮው አሠራር መጀመሪያ የእንጨት አጽም ይቆማል፤ ጣውላው ከዚያ በኋላ ይለብሳል። እዚህ ግን አጽም የለም ማለት ይቻላል። በፕላኑ ልክ የተቆረጡ ስስ የኮምፔርሳቶ ገጾች ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥመው በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ። ስፌቱ በኤፖክሲ ይሞላል፤ ላዩ በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይሸፈናል።

ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀችው ሚረር የምትባል ባለሸራ ጀልባ ናት። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ጃክ ሆልትና የቴሌቪዥን አቅራቢው ባሪ ባክኔል ሠሯት፤ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ደገፋት። እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ቀረበች። ርዝመቷ 3.3 ሜትር ሲሆን ከ70,000 በላይ ተሠርታለች። ሸራዋ ቀይ የሆነው ለጋዜጣው ሲባል ነው። ያኔ ስፌቱ የሚደፈነው ፖሊስተር በሚባል ሌላ ፈሳሽ ሙጫ ነበር። ፖሊስተር ይረክሳል፤ እንጨትን አጥብቆ በመያዝ ግን ኤፖክሲን አይስተካከልም።

እንጨቱ ውሃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀና በንብርብሮቹ መሃል ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። ለካያክ (ጠባብና ረዘም ያለ ቀላል ጀልባ) 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመቅዘፊያ ጀልባ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተለመደ ነው። አንዱ ገጽ 2.44 ሜትር ስለሆነ ለረዘመ ጀልባ ሁለቱን መቀጠል ግድ ነው። የሁለቱም ጫፍ የውፍረቱን 8 እጥፍ ያህል በስላሽ (በሰያፍ) ተልጎ ይጣበቃል። ለ6 ሚሊ ሜትር እንጨት ስላሹ 48 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ገጾቹ ከተሰፉ በኋላ ጀልባዋ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ቅርጽ ትይዛለች። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም።

ኤፖክሲ ከሁለት ፈሳሾች፣ ከሙጫውና ከማጠንከሪያው፣ ይቀላቀላል። እንደ ምርቱ ዓይነት መጠኑ 2 ለ1፣ 3 ለ1 ወይም 5 ለ1 ሊሆን ይችላል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር አያፋጥነውም፤ ያልበሰለና የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ቀላቅሎ በጠባብ ዕቃ ማስቀመጥም ጣጣ አለው። ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ አንዳንዴ ይጨሳል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቀላቅሎ በሰፊ ሳህን ላይ መገልበጥ ይሻላል። ለስፌቱ መሙያ በእንጨት ዱቄት እንደ ስቱኮ ይወፍራል፤ በማዕዘኑ ውስጥ ጎድጎድ ተደርጎ ይለሰናል። ሲደርቅ ሽቦው ይነቀላል።

ቀጥሎ ጨርቁ ይነጠፋል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝነው ለትንሽ ጀልባ ይበቃል። ኤፖክሲ በደንብ ሲጠጣ ነጭነቱ ጠፍቶ እንጨቱ ያሳያል፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አልጠጣም። ሥራውን ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ ማታ ላይ መጀመር ብልህነት ነው። ሙቀት ሲጨምር ከእንጨቱ የሚወጣ አየር አረፋ ይፈጥራል። የተዘበራረቀ ክር በመያዣ የተጣበቀበትን ምንጣፍ መሰሉን ፋይበር ግላስ ግን መተው ነው። ብዙውን ጊዜ ያ መያዣ የሚሟሟው በፖሊስተር እንጂ በኤፖክሲ አይደለም።

ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊወጣ ይችላል። በውሃ ታጥቦ ከተነሳ በኋላ ነው በብርጭቆ ወረቀት የሚታሸው። ማሸቱ አሰልቺ ነው፤ ብዙ ጀልባ ጋራዥ ውስጥ ተጀምሮ የሚቀረው እዚህ ደረጃ ላይ ይመስለኛል። የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ጓንትም እንዲሁ፤ ኤፖክሲ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፣ ከመጣ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ኤፖክሲ ፀሐይ አይችልም። ቀለም ወይም ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ መቀባት አለበት። ከዚያ በኋላ ዋናው ጠላት በብሎን ቀዳዳ የሚገባ ውሃ ነው። ለብሎን መጀመሪያ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይበሳል፣ በኤፖክሲ ይሞላል፣ ሲደርቅ መሃሉ በልኩ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ የሚነካው ኤፖክሲውን ብቻ ይሆናል፤ ውሃውም እንጨቱ ጋ አይደርስም።