የእፎይታ ጊዜ ምንድን ነው? የማክሰኝቱ አጎቴና ሁለቱ በሬዎች

«እፎይ» የምንለው ሸክም ስናወርድ ነው። ከገበያ እህል ተሸክማ የምትመለስ ሴት ሸክሟን ካብ ላይ አሳርፋ «እፎይ» ትላለች። እህሉ ግን እዚያው ካቡ ላይ ነው። ትንሽ ትንፋሿን ሰብስባ መልሳ ትሸከመዋለች። የብድርና የግብር «እፎይታ» የወጣው ከዚህች ቃል ነው። ትርጉሙም ያው ነው።

ይህን የምጽፈው አጎቴ ይህችን ቃል ባልሆነ መንገድ ተረድቶ ለዓመት የማይወጣበት ዕዳ ውስጥ ስለገባ ነው። ብቻውን አይደለም። ከጎንደር ዙሪያ እስከ ደባርቅ ስንት ሰው «እፎይታ ተሰጠን» ሲል «ተማርን»፣ ዕዳው ተሰረዘልን፣ ማለቱ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ችግር በመጣ ቁጥር መንግሥት የሚያውጃት ቃል ስለሆነች በደንብ ማወቅ ይገባል።

አጎቴ የሚኖረው ማክሰኝት አጠገብ ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ። ገበሬ ነው፤ ከእርሻው ጎን በሬ ያደልባል። በጥር 2012፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ 60 ሺህ ብር ተበደረና ሁለት በሬ ገዛ። የተረፈውን ለፋጉሎና ለፉርሽካ አዋለው። የማድለብ ሒሳብ የታወቀ ነው። ሦስት ወር ትቀልባለህ፣ ለፋሲካ ትሸጣለህ፣ ግንቦት ላይ ብድሩን ትከፍላለህ። የምትተርፈዋ ያንተ ናት።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። በመካከል ያለው 11 ቀን ብቻ ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ተባለ። ክልከላው ለበሽታው የግድ ነበር፤ አሁንም አልቃወመውም። ግን የደለበ በሬ የሚገዛው ማን ነው? አንዱ ገዢ የሰፈር ቅርጫ ነው። አሥርም አሥራ ሁለትም ሰው አዋጥቶ፣ በሬ ጥሎ፣ መደብ መድቦ የሚካፈለው። አራት ሰው በሬ አይቃረጥም። ሌላው ገዢ የጎንደር ሆቴልና ሥጋ ቤት ነው። ፋሲለደስን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ከቀረ ሆቴሉ በሬ ምን ያደርግለታል?

በሬ ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም። አንዴ ከደለበ በኋላ የሚበላው ሥጋ አይሆንም። ወጪ ብቻ ነው። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ፋጉሎ ሲያቀርብላቸው «እናንተ ትበሉኛላችሁ እንጂ እኔ አልበላችሁም» ይላቸው ነበር። ይህን ሲል በስልክ ሰምቼዋለሁ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ግንቦት ላይ የአበዳሪው ባለሙያ ቀበሌው ድረስ መጣ። ወጣት ልጅ ነው። «አባቴ፣ የስድስት ወር እፎይታ ተሰጥቷችኋል» አለው። አጎቴ «ተመስገን፣ ተማርን» ብሎ ቤቱ ገባ። በሰኔ በሬዎቹን በርካሽ ሸጠና ገንዘቡን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ገዛበት። የቀረውን የቤቱን ቆርቆሮ አሳደሰበት። ኅዳር ላይ ልጁ ተመልሶ መጣ። ዕዳው አለ። ወለዱም ስድስቱን ወር ሙሉ ሲቆጥር ከርሟል።

እንግዲህ ቃሉ በትክክል ይህን ማለት ነው። የእፎይታ ጊዜ ማለት አበዳሪው ወይም ግብር ሰብሳቢው «እስከዚህ ቀን ድረስ ክፈል ብዬ አልይዝህም» ብሎ የሚሰጠው የተቆረጠ ጊዜ ነው። የሚቆመው መጠየቁ ነው። ዕዳው ባለበት አለ። ወለዱም፣ ይቆማል ተብሎ በጽሑፍ ካልተሰጠህ በቀር፣ መቁጠሩን አያቆምም።

በቁጥር እንየው። 60 ሺህ ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ነው እንበል። በስድስት ወር እፎይታ የሚጠራቀመው ወለድ 5,400 ብር ነው። ይህ ወለድ ለብቻው ተቀምጦ ቢጠብቅ ደህና። አንዳንድ ውል ላይ ግን እፎይታው ሲያልቅ ወለዱ ዋናው ብድር ላይ ይደመራል። ያኔ ዋናው 65,400 ይሆናል። ቀጣዩ ስድስት ወር የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው፤ 5,886 ብር። ልዩነቱ 486 ብር ነው። ለደመወዝተኛ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለገበሬ የበሬ መኖ ነው።

ከእፎይታ ጋር የሚምታቱ ጎረቤት ቃላት አሉ። «ማራዘሚያ» ሲባል ውሉ እንደገና ይጻፋል፤ የመክፈያው ጊዜ ይረዝማል፣ የየጊዜው ክፍያ ያንሳል። «ምሕረት» ወይም «ስረዛ» ሲባል ዕዳው ራሱ፣ ወይም ወለድና ቅጣቱ፣ ከመዝገብ ይፋቃል። «እፎይታ» ከሁለቱም የተለየ ነው። ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር አለ። አዲስ ፋብሪካ ለሚከፍት ባለሀብት የሚሰጠው «የግብር እፎይታ» በእርግጥም ነጻ መሆን ነው። የእነዚያ ዓመታት የገቢ ግብር ኋላ ተመልሶ አይጠየቅም። ስለዚህ ሰው ሬዲዮ ላይ «እፎይታ» ሲሰማ ይህንኛውን ቢያስብ አይፈረድበትም። አንድ ቃል ለሁለት ተቃራኒ ነገር መዋሉ ያሳዝነኛል። ማስታወቂያ የሚጽፉ ባለሙያዎች «ለጊዜው አይጠየቅም» ወይም «ይሰረዛል» ብለው ቁርጡን ቢናገሩ ብዙ ቤት ከዕዳ ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። ሚያዝያ 22 ቀን 2012 የፌዴራል መንግሥት ትልቅ ውሳኔ አሳወቀ። እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረ የግብር ዕዳ ይሰረዝ አለ። ከ2008 እስከ 2011 ያለው ላይ ወለድና ቅጣቱ ይነሣ፣ ፍሬ ግብሩ ብቻ ይከፈል አለ። በኮሮና ምክንያት ሥራ ቆሞባቸው ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠው የ4 ወር የሥራ ግብር ቀረላቸው። ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች የሚሆን 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። እነዚህ እውነተኛ እርምጃዎች ናቸው። ብዙ ድርጅት ከመዘጋት እንዳተረፉ አምናለሁ።

የገጠር ነጋዴው ግን የት ላይ ነው ያለው? አንድ በአንድ ያዙት። ማክሰኝት ላይ እህል የሚነግድ ሰው ደመወዝ የሚከፍለው ሠራተኛ የለውም፤ የሚያግዘው ልጁ ነው። ስለዚህ የሥራ ግብሩ አይመለከተውም። ብዙውን ጊዜ የሚበደረው ከአነስተኛ ብድር ተቋም ነው፤ ለግል ባንክ የገባው ገንዘብ እሱ ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለበት። የቆየ የግብር ዕዳም ብዙውን ጊዜ የለውም፤ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይከፍላልና።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ውስጥ የሚሠሩ የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያም እንዲሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተነገረ የግብር ምሕረት ራሱን ችሎ ማክሰኝት አይደርስም። ክልሉ የራሱን ውሳኔ መወሰን አለበት። የወረዳው ገቢዎች ባለሙያ «እኛ ጋ መመሪያ አልወረደም» ሲል ሰውዬው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። እውነትም አልወረደም ይሆናል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለክልሉ ነው።

የያኔው አነስተኛ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» የሚባለው ነበር። በዓመት ከ500 ሺህ ብር በታች የሚያንቀሳቅስ ማለት ነበር። ግብሩ ቁርጥ ነበር፤ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ይከፈል ነበር። ደብተር ስለማይዝ የሚታሰብለት በግምት ነበር። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሱቅህ ለሦስት ወር ተዘግቶ ከነበረ ግምቱ ያንን በራሱ አያውቅም። መዘጋትህን በጊዜው በጽሑፍ ካላሳወቅህ፣ ሐምሌ ላይ «ተዘግቼ ነበር» ብትል የሚያምንህ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የግብር አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ ግብር ከፋይ በጽሑፍ አመልክቶ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ መብት ነው፤ ልመና አይደለም። ግን እዚህም ቢሆን የዘገየበት ወለድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

«ከአቅም በላይ ነው ብዬ አልከፍልም ብልስ?» ያለኝ ሰው አለ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 እና ተከታዮቹ ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይናገራሉ። ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ ሊካተቱ ይችላሉ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ቀድሞ ያልታሰበ፣ ግዴታን መፈጸምንም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። መፈጸሙን ከባድ ያደረገ ነገር ብቻውን አይበቃም። በሬው ረከሰ ማለት ከባድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ብዙ ተስፋ አላደርግም።

በዚያ ዘመን ከወጡት ደንቦች አንዱን ግን እወደዋለሁ። አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ይህ ድጋፍ ማመልከቻ አይጠይቅም። ፋይል አይጠይቅም። የሚያነብም የማያነብም እኩል ይጠቀምበታል። እፎይታ እንዲህ አይደለም። ወረቀት ያለው፣ ቃሉን የሚያውቅ፣ ቢሮ ደጅ ለመጥናት ጊዜ ያለው ሰው ነው የሚጠቀመው። የገጠር ንግድ ደግሞ አብዛኛው በቃልና በመተማመን የሚሄድ ነው።

ችግሩም ከኮሮና ጋር አላበቃም። ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ወዲህም ክልሉ ሰላም አጥቷል፤ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ቆይቷል። ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ጎንደር መግባት ያቃተው የዳባት ነጋዴ ያው የግንቦቱ አጎቴ ነው። ለእሱም አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «እፎይታ» ይለው ይሆናል።

ያኔ መጠየቅ ያለበትን እዚሁ ልንገረው። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው? ወለዱ ይቆማል ወይስ ይቆጥራል? የተቆጠረው ዋናው ላይ ይደመራል? ሲያልቅ በአንዴ ነው የምከፍለው ወይስ ተከፋፍሎ? በቡድን ዋስትና ከተበደረ ደግሞ የቡድኑ አባላት ያውቃሉ ወይ? አንዱ ሲያቅተው ዕዳው ሌሎቹ ላይ ነው የሚሄደውና። የመክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት መሄድም ያዋጣል። ባንኮች ዘንድ 90 ቀን ያለፈው ብድር በተበላሸ መዝገብ ይገባል፤ ያ ደግሞ ለአበዳሪውም ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የመጣን ሰው ለማነጋገር ፈቃደኛ ናቸው። መልሱ ምንም ይሁን ምን በጽሑፍ ይሁን፤ ማኅተም ይኑረው።

አጎቴ ባለፈው ዓመት እንደገና እፎይታ ተሰጠው። መንገድ ተዘግቶ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። በዚህ ጊዜ «ተመስገን» ከማለቱ በፊት «ወለዱስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «ወለዱ ይቀጥላል አባቴ» አለው። «እንግዲያው ጻፍልኝ» አለ። ተጻፈለት። በዚያው ሳምንት አንዱን ወይፈን ሸጦ የዕዳውን ግማሽ ከፈለ። ወረቀቱን ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል። ስሄድ አውጥቶ አሳየኝ። ስለ ወለዱ የሚናገረውን መስመር በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።